ሲሮጡ የታጠቁት፦ ከፊልም የተወረሱ የቪዲዮ ጨዋታዎችና ገበያቸው

ከአንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ሌላ ሥራ ሲወለድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ልብ ወለድ ወደ ተውኔት፣ ተውኔት ወደ ፊልም፣ ተረት ወደ ዜማ ሲሸጋገር ኖሯል፤ ወደፊትም ሲሸጋገር ይኖራል። ውርስ ሥራ በውርስነቱ ብቻ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ስለዚህም ከፊልም የተወረሰ የቪዲዮ ጨዋታ ገና ሳይታይ «ቅጂ ነው» ተብሎ ሊጣል አይገባውም። ለሂስ የሚያበቃው ጉዳይ ሌላ ነው። ይኸውም ውርሱ በራሱ ብቃት ሳይሆን በፊልሙ ነጋሪት ድምፅ በሚሊዮን እየተሸጠ፣ ወጥ የሆነው ሥራ በዚያው መደብር፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የሚቀርበት ሁኔታ ነው።

የዚህን ሁኔታ መልክ በግልጽ ለማየት የ2003ን ገበያ መመልከት ይበቃል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሜይ 15 ቀን «ማትሪክስ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ሁለተኛ ክፍል በአገሩ ሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ። በዚያኑ ዕለት «ኤንተር ዘ ማትሪክስ» የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ለሽያጭ ቀረበ። በ18 ቀናት ውስጥ 1 ሚሊዮን፣ በአንድ ዓመት ጊዜ ደግሞ 5 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት ኩባንያ «ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል» የተሰኘ፣ ከማንም ፊልም ያልተወረሰ ጨዋታ አወጣ። ሐያስያን አመሰገኑት፤ ገዢ ግን አጣ። ብዙም ሳይቆይ በመደብሮች ዋጋው ወረደ።

ፍርዱ ሚዛናዊ ይሆን ዘንድ ከአሸናፊው መጀመር ይገባል። «ኤንተር ዘ ማትሪክስ» በግዴለሽነት የተጠነሰሰ ሥራ አልነበረም። የፊልሙ ደራሲዎችና አዘጋጆች የሆኑት ሁለቱ ዋቾውስኪዎች ታሪኩን ራሳቸው ጽፈዋል፤ ለጨዋታው ብቻ የሚሆን አንድ ሰዓት ያህል ፊልም ከዋናው ፊልም ተዋንያን ጋር ቀርጸዋል። ተጫዋቹ የሚመራው የፊልሙን ጀግና ኒዮን ሳይሆን ኒዮቢና ጎስት የተባሉትን ሁለት ረዳት ገጸ ባሕርያት ነው። በፊልሙ ላይ በጨረፍታ ያለፈው በጨዋታው ይብራራል፤ በጨዋታው የተጀመረው በፊልሙ ይፈጸማል። አንድን ታሪክ በሁለት የጥበብ ዘርፎች ከፍሎ የመተረክ ሐሳብ በዚያን ጊዜ ደፋር ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ዋጋው አይካድም።

ዳሩ ግን ሐሳብ ሌላ፣ ሥራ ሌላ ነው። የተቀረጸው ፊልም ሲያልቅና ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን ሲጨብጥ የሚያገኘው ሌላ ዓለም ነው። ባዶና እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ኮሪደሮች፣ ከግድግዳ ጋር የሚታገሉ ጠላቶች፣ የከተማውን ስፋት የማያሳዩ የመኪና ሩጫዎች ተራ በተራ ይመጣሉ። ጊዜን አዘግይቶ የመፋለም ስልት፣ ፊልሙ ለዓለም ያስተዋወቀው ዋና ጌጥ፣ በጨዋታው ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ይህንኑ ስልት «ማክስ ፔይን» የተባለው የፊንላንድ ጨዋታ ከሁለት ዓመት በፊት በ2001 የራሱ አድርጎ፣ ያለ ማንም ፊልም ፈቃድ፣ በተሻለ ጥራት አሳይቶት ነበር። ወራሹ በውርሱ ከባዕድ ተበለጠ ማለት ነው።

የዚህ ድክመት ምንጭ የሠሪዎቹ የችሎታ ማነስ አይደለም። ምንጩ የቀን መቁጠሪያ ነው። አንድ ታላቅ ፊልም የሚከፈትበት ቀን ከብዙ ወራት በፊት ይወሰናል፤ የማስታወቂያው ገንዘብ ይከፈላል፤ ሲኒማ ቤቶቹ ይያዛሉ። ጨዋታው ያን ዕለት መድረስ አለበት፤ አልቋል ወይስ አላለቀም ብሎ የሚጠይቅ የለም። የቪዲዮ ጨዋታ አሠራር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥዕሉ፣ ድምፁና የፕሮግራሙ አካል ይሠራል። ጨዋታው ጨዋታ የሚሆነው ግን በመጨረሻዎቹ ወራት ነው፤ ስሕተቱ ሲለቀም፣ የከበደው ሲቀል፣ የሰለቸው ሲወጣ፣ ደጋግሞ ሲሞከርና ሲታረም። ቀኑ ሲደርስ የሚቆረጠው ይኸው የመጨረሻው ጊዜ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው የአበው አነጋገር ለዚህ ኢንዱስትሪ የተነገረ ይመስላል።

አሁን ወደ ተሸናፊው። «ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል» በደቡብ ፈረንሳይ በሞንፔሊዬ ከተማ በሚገኝ ስቱዲዮ፣ በሚሼል አንሴል መሪነት፣ ከሦስት ዓመት በላይ በወሰደ ጥረት የተሠራ ነው። ጀግናዋ ጄድ ወታደር አይደለችም፤ ፎቶግራፍ አንሺ ጋዜጠኛ ናት። ሂሊስ በምትባል ፕላኔት ላይ፣ በአንድ የባሕር መብራት ማማ ውስጥ፣ ጦርነት ወላጆቻቸውን የነጠቃቸውን ሕፃናት ታሳድጋለች። ረዳቷ እንደ አጎት የምታየው፣ የአሳማ መልክ ያለው ፔይጅ ነው። ታሪኩ ሲከፈት ፕላኔቲቱ በጠላት ትደበደባለች፤ የማማው መከላከያ ግን አይሠራም፤ የኤሌክትሪክ ዕዳው አልተከፈለምና። ጄድ ዕዳዋን ለመክፈል የምታገኘው ሥራ በፕላኔቲቱ ላይ የሚኖሩትን እንስሳት አንድ በአንድ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። አንድ የጀብዱ ጨዋታ የጀግናዋን ድህነት በዚህ ዓይነት የዋህነትና ቁም ነገር ሲያቀርብ ማየት በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር።

የሥራው ጥልቀት የሚታየው ግን ካሜራው ዓላማውን ሲለውጥ ነው። ሕዝቡን ከጠላት እጠብቃለሁ የሚለው የጦር ኃይል ከጠላት ጋር መመሳጠሩ ቀስ በቀስ ይገለጣል። ጄድ በስውር ገብታ ማስረጃውን በፎቶግራፍ ትይዛለች፤ ዘገባዋ ሲሰራጭ በከተማው ጎዳና ላይ የነዋሪው ሁኔታ ይለወጣል፤ ዝም ብለው ያልፉ የነበሩት ሰዎች ተቃውሞ ማሰማት ይጀምራሉ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ዱላም አለ፣ ድብድብም አለ። ይሁን እንጂ ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው እውነትን አይቶ ለሌላው ማሳየት ነው። ይህ ሐሳብ በንግግር አልተሰበከም፤ ተጫዋቹ በገዛ ጣቱ የካሜራውን መዝጊያ ሲጫን የሚደርስበት ነው። ፊልም ሊሰጠው የማይችለውን፣ ጨዋታ ብቻ ሊሰጠው የሚችለውን ነገር ሰጥቷል ማለት ይቻላል። ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። አጭር ነው፤ ፍጻሜው የተቻኮለ ነው፤ በስውር የመግባቱ ክፍል አንዳንድ ጊዜ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ከሁለቱ የትኛው የበለጠ ሥራ እንደሆነ ጎን ለጎን ላያቸው ሰው የሚያከራክር አይደለም። ታዲያ 5 ሚሊዮኑ ወዴት ሄደ? የኩባንያዎቹ መልስ የታወቀ ነው፤ «ሕዝቡ የሚወደውን መረጠ» ይላሉ። ይህ መልስ ግን የተመረጠውንና የታየውን ያምታታል። በዚያን ጊዜ አንድ አዲስ ጨዋታ በአሜሪካ 50 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ገዢው ከፍሎ ወደ ቤቱ ሳይወስድ የውስጡን ማወቅ አይችልም። ለልጁ የገና ስጦታ የሚገዛ አባት በመደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት መቶ ሣጥኖች መካከል የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ያም በየአደባባዩ የተለጠፈው የፊልሙ ስም ነው። ባለመደብሩም ጨዋታውን የሚያዝዘው ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ የማስታወቂያውን ብዛት መዝኖ ነው። ብዙ የታዘዘው በፊት ለፊት ይደረደራል፤ ጥቂት የታዘዘው ከኋላ ይቆማል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ካልተሸጠም ቦታውን ይለቃል። እንዲህ ባለው ገበያ ገዢው የሚገዛው ሥራውን ሳይሆን የተገባለትን ቃል ነው። ያላዩትን መምረጥ ስለማይቻልም «ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል» በሕዝብ ፍርድ ወደቀ ሊባል አይችልም፤ ለፍርድ አልቀረበም።

በዚህ ረገድ ጥፋቱን በፊልም ኩባንያዎች ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ ማጓደል ይሆናል። ዩቢሶፍት ራሱ በዚያው በ2003 ኖቬምበር «ፕሪንስ ኦቭ ፐርሺያ፦ ዘ ሳንድስ ኦቭ ታይም» እና «ሰርቲን» የተሰኙ ሌሎች ሁለት ጨዋታዎችን አውጥቷል፤ ስሙ ያልታወቀውን ልጁን በገና ገበያ ግርግር መካከል፣ ከገዛ ወንድሞቹ ጋር እንዲጋፋ ትቶታል። የጨዋታ መጽሔቶችም ቢሆኑ፣ የታላላቅ ፊልሞችን ጨዋታዎች ለወራት በቅድመ ዘገባ ሲያወድሱ ከርመው ሥራው ከወጣ በኋላ ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጡ፣ ያ ሂስ ከገበያ መልስ የተሰጠ ምክር ነው።

ነገሩ በ2003 የተጀመረ አይደለም። በ1982 የበጋ ወራት የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» የአሜሪካን ሲኒማ ቤቶች ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ የአታሪ ኩባንያ የፊልሙን ስም ለመጠቀም ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር እንደ ከፈለ ተዘግቧል። ስምምነቱ የተጠናቀቀው በጁላይ መጨረሻ ነበር፤ ጨዋታው ለገና እንዲደርስ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ማለቅ ነበረበት። ለሥራው የተመደበው ሃዋርድ ስኮት ዋርሾው አምስት ሳምንት ብቻ ተሰጠው። ተጫዋቹ ትንሹን እንግዳ ፍጡር እየመራ ሦስት የስልክ ቁርጥራጮች ይፈልጋል፤ በየእርምጃው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ አንገቱን አስረዝሞ ይወጣል፤ ደግሞ ይወድቃል። 4 ሚሊዮን ያህል ካርትሪጅ ተመርቶ 1.5 ሚሊዮን ያህሉ ተሸጠ። ቀሪው በአታሪ እጅ ቀረ፤ ከተሸጠውም ብዙው ተመለሰ። በ1983 አታሪ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሠረ። ገበያው በሌሎች ኩባንያዎች ጨዋታም ተጨናንቆ ስለነበር ኪሣራውን ሁሉ በአንድ ጨዋታ ማሳበብ ስሕተት ነው፤ ይሁንና በስም የተገዛ እምነት ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያልቅ ይህ ዓመት አሳይቷል።

የዋርሾው ስም በዚህ ውድቀት ብቻ ሲነሣ መኖሩ ያሳዝናል። ይኸው ሰው በዚያው በ1982 «ያርስ ሪቬንጅ» የተሰኘ ጨዋታ ደራሲ ነበር። መጀመሪያ የታዘዘው «ስታር ካስል» የሚባለውን የመጫወቻ አዳራሽ ጨዋታ ለአታሪ የቤት መሣሪያ እንዲገለብጥ ነበር። መሣሪያው ሥራውን በሚገባ ሊሸከመው እንደማይችል ባየ ጊዜ ግልበጣውን ተወና የራሱን ፈጠረ፤ ዝንብ መሰል ፍጡር ከጋሻ በስተጀርባ የተሸሸገ ጠላቱን እያኘከ የሚደርስበት እንግዳ ፍልሚያ። ሥራው ወራት ተሰጥቶት ተሞከረ፣ ታረመ፤ ከአታሪ ወጥ ጨዋታዎች ሁሉ በብዛት ከተሸጡት አንዱም ሆነ። ጊዜ ሲሰጠው የቅጂ ትእዛዝን ወደ ወጥ ሥራ የለወጠ እጅ፣ ጊዜ ሲነፈገው የወደደውን ፊልም ጉድጓድ ለጉድጓድ አንከራተተው።

ተቃራኒውም ማስረጃ አለ። የጄምስ ቦንድ ፊልም «ጎልደንአይ» በ1995 ታየ። ጨዋታው የወጣው በ1997 ኦገስት፣ ፖስተሮቹ ከየግድግዳው ከተነሡ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነበር። የእንግሊዙ ሬር ስቱዲዮ ሠራተኞች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ጨዋታ ሠርተው የማያውቁ ነበሩ። ነገር ግን ቀኑ አልፏል፤ የሚያስቸኩላቸው ፊልም አልነበረም። አራት ሰዎች በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የሚጫወቱበትን፣ ጨዋታውን ዝነኛ ያደረገውን ክፍል የጨመሩት በመጨረሻዎቹ ወራት ነው፤ በቀን መቁጠሪያ ቢገዙ ኖሮ የሚቆረጠው ይኸው ነበር። ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ የተሸጠውም ከተጫዋች ወደ ተጫዋች፣ ከቤት ወደ ቤት በተላለፈ ምስክርነት ነው።

ከዚያ ወዲህ የፊልም ኩባንያዎች ጨዋታን ከመክፈቻ ቀን ጋር የማሰሩን ልማድ በአመዛኙ ትተውታል፤ የአንድ ታላቅ ጨዋታ ወጪና የሥራ ዘመን ከፊልሙ ጋር ለመገጣጠም የማይቻል እስኪሆን ድረስ ስላደገ ነው። ስሙ ግን ዛሬም ይሸጣል። «ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል» በ2011 ታድሶ፣ በ2024 ደግሞ የ20ኛ ዓመት መታሰቢያ እትም ሆኖ እንደገና ለገበያ ቀርቧል፤ በወጣበት ዓመት ያልተወለዱ ወጣቶች ጄድን አሁን እየተዋወቋት ነው።

አታሪ በ1983 በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አላሞጎርዶ ከተማ አጠገብ በቆሻሻ መጣያ ውስጥ የቀበራቸው ካርትሪጆች በኤፕሪል 2014 ተቆፍረው ወጡ። 1,300 ያህል ተገኙ። ከ«ኢ.ቲ.» ጋር «ሴንቲፒድ»ን የመሰሉ የተወደዱ ጨዋታዎችም አብረው ተቀብረው ነበር። ከወጡት «ኢ.ቲ.» ካርትሪጆች አንዱ በዋሺንግተን ወደሚገኘው ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ገባ። ቁፋሮውን ለማየት በአቧራው ውስጥ ከቆሙት ሰዎች መካከል ዋርሾው ነበረበት።