ስለማያልቀው ፑዲንግ

ኖርማን ሊንድሴይ የተባለው የአውስትራሊያ ሠዓሊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1918 ዓመት «አስማተኛው ፑዲንግ» የሚባል የልጆች መጽሐፍ ጽፎ፥ ሥዕሉንም ራሱ ሥሎ አወጣ። መነሻው ክርክር ነው ይባላል፤ ይኸውም በርትራም ስቲቨንስ የተባለ ወዳጁ፥ ልጆች ከሁሉ ይልቅ ክንፍ ያላቸው ረቂቃን ፍጥረታት የሚነገሩበትን ተረት ይወዳሉ ቢለው፥ ሊንድሴይ የለም፥ የመብልን ነገር ይወዳሉ ብሎ ስለ ተከራከረ ነው። ቁራሽ ለምኖ የተማረ ሰው ለማን እንደሚፈርድ የታወቀ ነው።

ፑዲንግ በሳሕን ሆኖ ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ የሚቀቀል የእንግሊዞች ምግብ ነው። የዚህ መጽሐፍ ፑዲንግ ግን አልበርት የሚባል ስም፥ ቀጫጭን እጅና እግርም አለው፤ ይሮጣል፥ ይሳደባል፤ ቢቈርሱትም አያልቅም። ሁለት ጊዜ አፏጭተው ሳሕኑን ቢያዞሩት የሥጋው መብል ተለውጦ ጣፋጭ ይሆናል። ከሁሉ የሚያስቀው ሲበሉት ደስ መሰኘቱ፥ መብላት ሲተዉም መቈጣቱ ነው። መጽሐፉም በምዕራፍ ፋንታ በአራት ቁራሽ ተከፍሏል። በጾም ወራት ለሕፃናት ባይነበብ ይሻላል።

ባለቤቶቹ ቡንዪፕ ብሉገም የተባለው ኮዋላ፥ መርከበኛው ቢል ባርናክልና ሳም ሶውኖፍ የተባለው ፔንግዊን ናቸው፤ ሌቦቹም ፖሰምና ዎምባት ናቸው። ሌቦቹ ይሰርቃሉ፥ ባለቤቶቹ ደብድበው ያስመልሳሉ፤ ይህም መደጋገም ኋላ ያሰለቻል።

ማሰብ የሚገባው ግን ከዚህ በፊት የሆነው ነው። ፑዲንጉን የሠራው አንድ የመርከብ ወጥ ቤት ነበረ፤ መርከባቸው ጠፍቶ ከቢልና ከሳም ጋር በበረዶ ተራራ ላይ ሲንሳፈፍ ሠራው። ወጥ ቤቱ ወደ ባሕር ወደቀ፥ ፑዲንጉም ለሁለቱ ቀረ። ስለ አወዳደቁ የሚሰጡት ቃል ልብ አያሳርፍም። እንግዲህ ሌላውን ሌባ እያሉ የሚያሳድዱት ራሳቸው በምን መብት ያዙት? ደራሲው ነገሩን በሳቅ ሸፈነው እንጂ አልረሳውም፤ ልጁ ሥቆ ያልፋል፥ አባቱ ግን ቅጠሉን መልሶ ይገልጣል። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ሰሙ ጣፋጭ፥ ወርቁ መራራ መሆኑ አዲስ አይደለም።

ሊንድሴይ ክርስትናን በሥዕሉ የሚነቅፍ ሰው ስለ ነበረ፥ መጽሐፉን ከልጆች እጅ ማራቅ የሚሻ ይኖር ይሆናል። ይህ ግን ሳያነቡ መፍረድ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ እምነትን የሚያናጋ ነገር የለም። ጉድለቱ ሌላ ነው። የሰራፕታዪቱ መበለት ማድጋ ያልጐደለው የመጨረሻ እፍኝዋን ለእንግዳ ከሰጠች በኋላ ነው፤ መናም ለነገ ቢያሳድሩት ተልቷል። እነ ቢል ቡንዪፕን ተርቦ ቢያገኙት አብልተውታል፤ ከጥቂት ወዳጆቻቸው በቀር ግን የማያልቀውን መብል ይጠብቁታል እንጂ አያካፍሉትም።

ከሁሉ የሚበልጠው በቱራሉ ከተማ ያለው የፍርድ ነገር ነው፤ ዳኛው ሙግት የተነሣበትን ፑዲንግ ራሱ ይበላል፥ ቡንዪፕም ተመርዟል ብሎ ያሳብደዋል። እንዲህ ያለ ዳኛ ለማየት ወደ አውስትራሊያ መሄድ አያስፈልግም። በመጨረሻም መጽሐፉ ሊያልቅ ነውና እንቸኩል ተባብለው በዛፍ ላይ ቤት ሠርተው ተቀመጡ፤ ለአልበርትም በዚያው ትንሽ አጥር አጠሩለት። ከዚያ ሆኖ በታች የሚያልፉትን መንገደኞች ይሳደባል፤ ከእነርሱ መካከል የተራበ መኖሩን ግን ማንም ወርዶ አልጠየቀም።