«ኢኒሻል ዲ» ለታዳጊ ተመልካች ይስማማልን?

ስለ ልጆችና ስለ ፊልም በተነሣ ቁጥር የሚሰማው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን መኪና ሲከንፍና ጎማ ሲጮኽ ያየ እንደሆነ «ይህ ልጅ ያበላሻል» ብሎ ወዲያው ይዘጋዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሥዕል አይደለምን? ሥዕል ማንን ገደለ?» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ሥራውን ራሱን ቀርበው ስላልመረመሩት ፍርዳቸው ከግምት አያልፍም። በዚህ ጽሑፍ «ኢኒሻል ዲ» የተባለውን የጃፓን አኒሜ መርምረን ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ ለማመልከት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ እንደ ጨዋታ የሚታይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በመላው ዓለም በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑትም ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ስለ መኪና ለወጣት የሚነገር ታሪክ ሁሉ በዚህ እውነት ፊት ቆሞ መመዘን ይገባዋል።

የታሪኩ ደራሲ ሹኢቺ ሺጌኖ ናቸው። ድርሰቱ ኮዳንሻ በሚያሳትመው «ያንግ ማጋዚን» በተባለ መጽሔት ከ1995 እስከ 2013 በተከታታይ ወጥቶ በ48 ቅጾች ተጠቃሏል። መጽሔቱ የሚዘጋጀው ለአካለ መጠን ለደረሱ ወጣቶች እንጂ ለሕፃናት አይደለም፤ ይህም ደራሲው መጀመሪያ ለማን እንደጻፉ ያሳያል። 26 ክፍሎች ያሉት የመጀመሪያው አኒሜ በ1998፣ 13 ክፍሎች ያሉት ሁለተኛው በ1999 በቴሌቪዥን ታዩ። ከዚያ በኋላ የመጡት እስከ 2014 ቢቀጥሉም፣ ታዳጊ ተመልካች መጀመሪያ የሚያገኛቸው እነዚህ ሁለቱ ስለሆኑ ምርመራችንን በእነርሱ ላይ እናደርጋለን።

ታኩሚ ፉጂዋራ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ከትምህርት በኋላ ከጓደኛው ከኢቱኪ ጋር በቤንዚን ማደያ ይሠራል። አባቱ ቡንታ ቶፉ፣ ማለት ከአኩሪ አተር የሚዘጋጅ ምግብ፣ ይሸጣል። ታኩሚ በየሌሊቱ ጎሕ ሳይቀድ ቶፉውን በአሮጌ ቶዮታ ትሩኖ ጭኖ አኪና የተባለውን ተራራ ወጥቶ ያደርሳል፤ ከዚያም ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ይወርዳል። ተራራው በጉንማ አውራጃ የሚገኘውን የሃሩናን ተራራ አስመስሎ የተሣለ ነው። በዚያ መንገድ ሌሊት ሌሊት የሚሽቀዳደሙ ወጣቶች ይህን ዝምተኛ ልጅ ማንም ሊቀድመው እንደማይችል ይረዳሉ፤ ታሪኩም ከዚህ ይነሣል።

በመጀመሪያ የሥራውን በጎነት እንመልከት። ቡንታ ልጁን ሲያሠለጥን ውሃ የሞላበት ኩባያ በመኪናው ውስጥ ያስቀምጥለታል፤ ታኩሚ ተራራውን ሲወርድ ውሃው መፍሰስ የለበትም። ይህች ኩባያ ከብዙ ምክር ትበልጣለች። ጥሩ ነጂ ማለት መሪውን የሚያንገላታና ፍሬኑን የሚረግጥ ሳይሆን፣ የመኪናውን ክብደት ከፊት ወደ ኋላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በእርጋታ የሚያሸጋግር መሆኑን ለዓይን ታሳያለች። ነገሩም ከባዶ ምናብ የመጣ አይደለም፤ ለአኒሜው የመኪና አነዳድ አማካሪ የነበሩት ኬኢቺ ቱቺያ ራሳቸው ስመ ጥር ተወዳዳሪ ናቸው።

ሁለተኛው በጎነት ለሀብት አለመስገዱ ነው። የታኩሚ መኪና አሮጌና ጉልበቷም አነስተኛ ስትሆን፣ ከእርሷ እጅግ የሚበረታውን የኒሳን ጂቲ አር በጥበብ ትቀድማለች። ሰው በመኪናው ዋጋ በሚመዘንበት በዚህ ዘመን ይህን ማየት ለወጣት ሳይጠቅመው አይቀርም።

ሦስተኛውና ብዙ ተመልካች ልብ የማይለው በጎነት በሁለተኛው አኒሜ ውስጥ ይገኛል። ታኩሚ የሚወዳት ናቱኪ በዕድሜ ከሚበልጣት ሰው ገንዘብ እየተቀበለች ከእርሱ ጋር እንደምትወጣ ባወቀ ጊዜ፣ በቁጣ ተነሥቶ ወደ አካጊ ተራራ ይሄዳል፤ በማያውቀው መንገድም ከኪዮኢቺ ጋር ይሽቀዳደማል። በውድድሩም መካከል ሞተሩ ይፈነዳል። እዚህ ላይ ደራሲው ጀግናቸውን አላዳኑትም። ልቡ የታወከ ሰው መሪ ከያዘ ምን እንደሚገጥመው ያለ ስብከት ነግረውናል።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ሥራው ሁለት ከባድ ጉድለቶች አሉበት።

የመጀመሪያው የታኩሚ ችሎታ ምንጭ ነው። በጃፓን የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ታኩሚ ግን መሪ የያዘው ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በአባቱ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ በታሪኩ ውስጥ ሕግ መጣሱ ለታላቅነት ምክንያት ሆኖ ይታያል፤ ሕግ ጠብቀው መንዳት የጀመሩት ሁሉ ከእርሱ ኋላ ይቀራሉ። አዋቂ ተመልካች ይህን እንደ ተረት ጥበብ ተቀብሎ ያልፈዋል። የ12 ዓመት ልጅ ግን የሚቆጥረው በራሱ ዕድሜ ነው፤ «እኔም ዛሬ ካልጀመርሁ ይዘገየኛል» ቢል የታሪኩን አካሄድ ተከተለ እንጂ አላጣመመውም።

ሁለተኛው ጉድለት ባዶው መንገድ ነው፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ውድድሩ ሲደረግ መንገዱ በአብዛኛው ከሌላ ሰው የጸዳ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና እንዳይኖር ጓደኞቻቸው በየመታጠፊያው ቆመው በሬዲዮ ያስታውቃሉ፤ ተመልካቾችም በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ያጨበጭባሉ እንጂ አንዱም አይገጭም። የአሣሣሉ ዘዴም ይህንኑ ያግዛል። ሰዎቹ በእጅ ሲሣሉ መኪኖቹ በኮምፒዩተር ተሠርተዋል፤ ዙሪያው ጨለማ ስለሆነ ዓይን የሚያየው የመብራቱን ጨረርና የሚታጠፈውን አስፋልት ብቻ ነው። ፈጣኑ ሙዚቃ ሲጨመርበት፣ በዚያ ተራራ ላይ ቤት ያለው፣ ከሥራ አምሽቶ በእግሩ የሚመለስ ሰው መኖሩ ከሐሳብ ይጠፋል። እውነተኛ መንገድ ግን የሁሉ ነው። በአገራችን እንኳ ያየን እንደሆነ መንገዱን እግረኛው፣ ከብቱና ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን ከመኪናው ጋር ይካፈሉታል።

«አደጋውስ ታይቶ የለምን?» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እርግጥ ኢኬታኒ ለውድድር ሲለማመድ ተጋጭቶ ይጎዳል፤ ኢቱኪ ሺንጎ የተባለው ነጂ ከኋላ ስለገፋው ከመንገዱ ወጥቶ ይቆስላል፤ ሺንጎም በክፋቱ ራሱን ይጎዳል። ነገር ግን የተጎዱት ሁሉ መሪ የያዙ፣ በፈቃዳቸው ወደ ተራራው የወጡ ናቸው፤ ቁስላቸውም ቶሎ ይሽራል። ምንም ሳያውቅ የሞተ መንገደኛ የለም፤ የምታለቅስ እናትም አትታይም። እንግዲህ አደጋው የቀረበው ተወዳዳሪዎች እርስ በርሳቸው እንደሚከፋፈሉት ዕዳ ነው። ለሌላው ሰው የሚተርፈው ዕዳ አልተጻፈም።

ደግሞም «ታሪኩ ፈጠራ ነው፤ ስትነዱ ሕግ አክብሩ» የሚል ማሳሰቢያ አብሮ መቅረቡን እንደ መከላከያ የሚያነሡ አሉ። ማሳሰቢያው መኖሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ልጅ የሚይዘው ሙዚቃውንና መታጠፊያውን ነው ወይስ ይህን አጭር ጽሑፍ? ታሪኩ ለግማሽ ሰዓት የሚያወድሰውን ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ሊያፈርሰው አይችልም።

ስለ ናቱኪ ጉዳይም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሥራው ድርጊቱን አያመሰግንም፤ የሚያስከትለውን ኀዘንም አይሸሽግም። ቢሆንም የገንዘብና የሴት ልጅ ክብር ነገር ለሕፃን ያለ አስረጂ የሚተው አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ፍርዳችን የሚከተለው ነው። ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ሥራው አይስማማም፤ ይህንም የምንለው ስለ ፍጥነቱ ሳይሆን ባዶውን መንገድ በራሳቸው ሐሳብ ሰው ሊሞሉበት ስለማይችሉ ነው። ከ13 እስከ 17 ላሉት ታላቅ አብሯቸው ተቀምጦ ቢያዩት ጥቅሙ ከጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል፤ መከልከልም ተሰርቆ እንዲታይ ያደርጋል እንጂ ከማየት አያግድም። ለመንጃ ፈቃድ የደረሰ ሰው ደግሞ ራሱ ይፍረድ።

በብዙ ቤት ታናናሾች ምን ማየት እንደሚገባቸው የሚጠየቀው ኮሌጅ የገባው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ስለሆነ፣ ይህ ሥራ የሚወድቀው በእኛ ላይ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ለታናሹ ሁለት ጥያቄዎች ማቅረብ ይበቃል። አንደኛው «ኩባያው ውስጥ ያለው ውሃ ያልፈሰሰው ለምንድን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በዚያች ሌሊት አንድ ሰው መንገዱን ሲያቋርጥ ቢሆን ኖሮስ?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን አኒሜው ራሱ አሳምሮ ይመልስለታል፤ ሁለተኛውን ግን ከእኛ በቀር የሚጠይቀው የለም።