የሕግ አወጣጥ ትምህርት፤ ከቍጥር ጥናት ወደ ረቂቅ ንባብ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ሕግ አውጪው አካል የሚሰጠው ትምህርት የታወቀ መልክ አለው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሁለት ሣጥኖች ይሥልና በአንደኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በሁለተኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ብሎ ይጽፋል። ከሥራቸው ቍጥሮች ይደረደራሉ፤ ከ550 የማይበልጡ ተወካዮች፣ ከእነዚህም ቢያንስ 20 መቀመጫ ለአነስተኛ ብሔረሰቦች፣ የ5 ዓመት የሥራ ዘመን፣ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ 15 ቀን። በመጨረሻም ረቂቅ ከሚቀርብበት ጊዜ አንሥቶ በነጋሪት ጋዜጣ እስከሚታወጅበት ድረስ ያሉት ደረጃዎች በቀስት ይያያዛሉ። በዚህ ውስጥ ስሕተት የሚባል ነገር የለም። ይሁን እንጂ ስሕተት የሌለበት ትምህርት ሁሉ የተሟላ ነው ማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ጉድለቶችን አመልክቶ ማረሚያቸውን መጠቆም ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት ቍጥሮቹ ከታሪካቸው ተነጥለው መቅረባቸው ነው። በ1923 ዓ.ም ሕገ መንግሥት የተቋቋሙት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች አባላት በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ቢያደርግም ለዕጩነት የንብረት ባለቤትነትን ይጠይቅ ነበር፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች የተስማሙበት ረቂቅም ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሕግ አይሆንም ነበር። በ1979 ዓ.ም ሕገ መንግሥት የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ሲኖሩት፣ መደበኛ ስብሰባው በዓመት አንድ ጊዜ በመሆኑ በመካከሉ ያለው ሥራ በመንግሥት ምክር ቤት እጅ ይከናወን ነበር። ይህን የተረዳ ተማሪ “15 ቀን” የሚለውን ቍጥር በሌላ ዐይን ያየዋል። በ1987 ዓ.ም በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 መሠረት ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም ሕጉ ያለ ፊርማ በሥራ ላይ ይውላል። ቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ በነበረበት ስፍራ አሁን የቆመው የጊዜ ገደብ ብቻ ነው። ቍጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ ንጽጽር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ሁለቱ ሣጥኖች ጎን ለጎን መሣላቸው የሚያስከትለው የተሳሳተ ግንዛቤ ነው። ተማሪው ሁለት ምክር ቤቶች አሉ ሲባል ረቂቁ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሄድ ይመስለዋል። የአሜሪካ ሴኔት በሕግ አወጣጥ ሙሉ ተካፋይ ነው፤ የጀርመን የክፍለ ሀገሮች ምክር ቤትም በብዙ ሕጎች ላይ ድምፁ ይጠየቃል። የእኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። በመደበኛው ሕግ ላይ ድምፅ አይሰጥም፤ ዋነኛ ሥራው ሕገ መንግሥቱን መተርጎም፣ በክልሎች መካከል የሚነሡ አለመግባባቶችን መፍታትና የጋራ ገቢና የድጎማ ክፍፍልን መወሰን ነው። ይህን ልዩነት ሳያብራሩ ማለፍ ተማሪው የአገሩን ምክር ቤት በሌላ አገር ምክር ቤት መልክ እንዲያውቀው ማድረግ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው ጉድለት በቀስቶቹ ላይ ይገኛል። በሰሌዳው ላይ የሚሣለው ረቂቅ ሁልጊዜ ካሰበበት ይደርሳል። በእውነቱ ዓለም ግን ደርሶ አዋጅ የሚሆን ረቂቅ እንዳለ ሁሉ በመንገድ የሚቀርም አለ። ይህን ለማየት ከሰበታ አልፋ በጅማ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከተፍኪ የተሻለ ስፍራ መፈለግ አያሻም። ለተፍኪ ተማሪ ሁለት ረቂቆችን ማነጻጸር ይበቃዋል።

አንደኛው የቤተሰብ ሕግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። ሴት የሕግ ባለሙያዎች በማኅበር ተደራጅተው ሕጉ እንዲሻሻል ብዙ ከደከሙ በኋላ ምክር ቤቱ አዋጅ ቍጥር 213/1992ን አጸደቀ፤ የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም ጾታ 18 ሆነ። ሆኖም የቤተሰብ ጉዳይ የክልሎች ሥልጣን በመሆኑ ይህ አዋጅ የሚሠራው ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ በሆኑት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ኦሮሚያ የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በ1995 ዓ.ም ነው። የተፍኪ ልጃገረድ የምትዳኝበት ሕግ ጥቂት መንገድ ብቻ ርቃ ከምትኖረው የአዲስ አበባ እኩያዋ ሕግ በሌላ ምክር ቤት መውጣቱን ስትረዳ፣ ፌዴራላዊ ሥርዓት ምን ማለት እንደ ሆነ ከማንኛውም ሣጥን ይልቅ ይገባታል።

ሁለተኛው ረቂቅ መንገድ ላይ የቀረው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንኡስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም እንዲጠበቅ ደንግጎ ዝርዝሩን ለሕግ ይተዋል። ጉዳዩ የገፈርሳንና የለገዳዲን ውኃ፣ ከከተማ የሚወጣውን ቆሻሻ፣ ከእርሻው የሚነሣውን ገበሬ ይመለከታል። ዝርዝሩ ሳይወጣ ዓመታት አለፉ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ የሚገኙትን የኦሮሚያ ከተሞች ያጣምር የነበረው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም፣ በኋላም በ2008 ዓ.ም ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ ተማሪዎች ጭምር ሕይወታቸውን ካጡ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም ተሠረዘ። በሰኔ 2009 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት የልዩ ጥቅሙን ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መራ፤ ይህም ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ከ22 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያ ረቂቅ ግን አዋጅ ሆኖ አልወጣም።

ይህን ማስተማር ከየትኛውም ወገን መቆም አይደለም። በልዩ ጥቅሙ ይዘት ላይ የአዲስ አበባ ነዋሪና የተፍኪ ገበሬ የተለያየ አስተያየት ሊኖራቸው ይችላል፤ መምህሩም ፍርድ እንዲሰጥ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ሕግ ሳይወጣ ሲቀር ጥያቄው አብሮ እንደማይጠፋ፣ መወያያ ስፍራውን ብቻ እንደሚያጣ ማሳየት ነው። በምክር ቤት ያልተመከረበት ነገር በመንገድ ላይ ሊመከርበት ይችላል። የ2006ና የ2008 ዓ.ም ኀዘን ለትምህርት ቤት የሚተወው ትምህርት ይህ ነው።

አንዳንድ መምህራን ጊዜው አይበቃም፣ ፈተናውም የሚጠይቀው ቍጥር ነው ይሉ ይሆናል። አቤቱታው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከመምህሩ ይልቅ የሥርዓተ ትምህርትና የፈተና ዝግጅት ኃላፊዎችን ይመለከታል። “የምክር ቤቱ አባላት ስንት ናቸው?” ከሚለው ጥያቄ ጎን “ይህ ረቂቅ በየትኛው ደረጃ ላይ ቆመ? ለማስቀጠልስ ሥልጣን ያለው ማን ነው?” የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር የክፍሉ ሥራ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ 6፣ አንድ የጸደቀ አዋጅና አንድ ያልጸደቀ ረቂቅ ታሪክ ነው። ለሁለት ክፍለ ጊዜ ይህ ይበቃል።

ተማሪው ወደፊት መራጭ ይሆናል፤ አንቀጽ 54 ደግሞ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከምክር ቤት የማውረድ መብት ለመራጩ ይሰጣል። ተወካዩን የሚጠይቀው ግን የቆመ ረቂቅ የት እንደ ቆመ የሚያውቅ መራጭ ነው። ቀስቶቹን ብቻ ያጠና ተማሪ ረቂቁ ሁልጊዜ ደርሷል ብሎ ያምናልና አይጠይቅም።