አራተኛው ምስክር



ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስለ አስተማሪው ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ? ብዙዎቻችን «ዛሬ ምን ተማርክ?» እንላለን። አንዳንዴ ግን «ያ መምህራችሁ ደግሞ ዛሬ ምን አላችሁ?» የሚል ጥያቄ ከአፋችን ያመልጣል። ሁለቱ ጥያቄዎች ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ትምህርቱ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ልጁን በመምህሩ ላይ ወሬ አቀባይ ያደርገዋል። ዛሬ ስለ አንድ ፊልም ላወያያችሁ የተነሣሁት ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ስላሳሰበኝ ነው።

ፊልሙ የስፔን ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የቢራቢሮ ምላስ» እንደ ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን አዘጋጁ ሆሴ ሉዊስ ኩዌርዳ ይባላል፤ ታሪኩም የተወሰደው ከደራሲው ማኑዌል ሪቫስ አጫጭር ልብ ወለዶች ነው። የእህቴ ልጅ በፍላሽ አምጥቶልኝ፣ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እየተረጎመልኝ አብረን ተመለከትነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ በመካከሉ ቤተሰብ ተሰብስቦ የማያያቸው ትዕይንቶች ስላሉ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እንድታዩት አልመክርም። ታሪኩ ግን ለማንኛውም ወላጅ ይጠቅማልና እንደሚከተለው ባጭሩ አቀርበዋለሁ።

ነገሩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1936፣ በሰሜን ምዕራብ ስፔን በጋሊሲያ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ሞንቾ የሚባል አስም ያለበት ሕፃን ከእኩዮቹ ዘግይቶ ትምህርት ቤት ይገባል። አስተማሪ ይገርፋል ሲባል ሰምቶ ስለነበር በመጀመሪያው ቀን ከፍርሃት የተነሣ ሽንቱ ያመልጠዋል፤ ልጆቹ ሲስቁበትም ሸሽቶ ጫካ ይገባል። ሽማግሌው መምህር ዶን ግሪጎሪዮ ግን ተማሪ የሚመቱ ሰው አይደሉም። ወደ ልጁ ቤት ሄደው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ ከመምህሩ ሥር አይጠፋም። ተማሪዎቹን ይዘው ሜዳ ይወጣሉ፤ ቢራቢሮ ምላሷን እንደ ሰዓት ሞላ ጠቅልላ እንደምትይዝና አበባ ስታገኝ እንደምትዘረጋው ያስተምሯቸዋል። የሞንቾ አባት ልብስ ሰፊ ነው፤ ሪፐብሊክ የተባለውን የጊዜውን መንግሥት ይደግፋል። ልጁን ስላስተማሩለት ለመምህሩ ሙሉ ልብስ ለክቶ ይሰፋላቸዋል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1936 የጦር መኮንኖች በመንግሥቱ ላይ ተነሡ፤ ጋሊሲያም በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጃቸው ገባች። ያን ጊዜ የሞንቾ እናት ባሏን የሚያስጠይቁ ወረቀቶችን ታቃጥላለች። አባቱ ለመምህሩ ልብስ ሰጥቶ እንደማያውቅም ልጇን ታስጠናዋለች። በመጨረሻ እስረኞች እየተነዱ ወደ ጭነት መኪና ሲወጡ የከተማው ሰው ተሰብስቦ ይሳደባል። ከእስረኞቹ አንዱ ዶን ግሪጎሪዮ ናቸው። እናትየው ባሏን እንዲጮህ ትጎተጉተዋለች፤ እሱም እያለቀሰ ወዳጆቹን ይሰድባል። ልጁንም እንደዚያው ታደርገዋለች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሞንቾ ከሌሎች ልጆች ጋር እየሮጠ በመምህሩ ላይ ድንጋይ ይወረውራል። ስድብ ሲያልቅበትም ከመምህሩ የተማራቸውን የአንዲት ወፍና የቢራቢሮ ምላስ ስሞች እየጠራ ይጮኻል። ፊልሙ እዚያ ላይ ያበቃል።

እዚህ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ተከራከርን። «ጋሼ፣ ልጁ መሰናበቱ ነው እኮ! በስድብ አስመስሎ ያስተማሩኝን አልረሳሁም ማለቱ ነው» አለኝ። «ይሁንልህ፤ ግን መኪናው ላይ ላሉት ሰውዬ የደረሳቸው ቃሉ ነው ወይስ ድንጋዩ?» አልኩት። ዝም አለ። እኔም በልቤ ልጁ ያለው እውነት እንዲሆን ተመኘሁ።

ፊልሙ ያማረበት ቦታ አለ። እናትየውን ክፉ ሴት አድርጎ አላቀረባትም። ባሏንና ልጆቿን ለማዳን የምትንቀጠቀጥ እናት ናት። ዙልም ሲነግሥ በየቤቱ ደጋግ ሰዎችን ምን እንደሚያደርጋቸው በደንብ ያሳያል። ይሁን እንጂ እኔ እንደ አንድ አስተማሪ አንድ ጉድለት አይቼበታለሁ። ፊልሙን ያየ ሰው መምህራኑ የጠፉት በአንድ ቀን ድንጋጤ፣ በአደባባይ ጩኸት ይመስለዋል። እርግጥ በዚያ ክረምት ብዙዎች ያለ ፍርድ ተገድለዋል። የቀሩት ግን የተጠረጉት በጩኸት ሳይሆን በጸጥታ፣ በወረቀት ነው። ፊልሙ ድንጋዩን አሳየን፤ ወረቀቱን ግን አላሳየንም።

ወረቀቱ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1936 የጄኔራል ፍራንኮ ወገን መምህራንን የሚያጣሩ ኮሚሽኖች እንዲቋቋሙ አዋጅ አወጣ። ኮሚሽኖቹ በአራት ፊደል የተለዩ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ጉዳይ ለአራተኛው ተሰጠ። መምህሩ ጥፋት ተገኝቶበት አይደለም የሚጠራው። ሁሉም መምህር እንደ ተጠርጣሪ ተቆጥሮ ወደ ሥራው ለመመለስ ራሱ ማመልከት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ኮሚሽኑ ስለ እያንዳንዱ መምህር ከአራት ሰዎች የምስክርነት ቃል ይጠይቃል። አንደኛው የከተማው ሹም ነው። ሁለተኛው የአጥቢያው ቄስ። ሦስተኛው ጓርዲያ ሲቪል የሚባለው የፖሊስ ኃይል የጣቢያ አዛዥ። አራተኛው ማን ይመስላችኋል? በአካባቢው መልካም ስም ያለው አንድ የተማሪ አባት!

ውድ አንባቢ፣ እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ጨቋኝ መንግሥት በእነሱ ቢጠቀም አይገርምም። አራተኛው ግን እንደ እኔና እንደ አንተ የልጅ አባት ነው። ልጁን ፊደል ያስቆጠረለትን ሰው እንዲመዝን ብዕር ተሰጠው። ምን ብሎ ጻፈ? ስለ ማስተማር ችሎታው የሚጠየቀው ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል? ምን ጋዜጣ ያነባል? ከማን ጋር ይውላል? የየትኛው ማኅበር አባል ነው? የሚፈለገው ይህ ነበር። መምህሩ የክስ ወረቀት ሲደርሰው መልስ እንዲሰጥ 10 ቀን ይፈቀድለታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማን እንደመሰከረበት አይነገረውም። በማያውቀው ሰው ለተነገረ ወሬ እንዴት አድርጎ መልስ ይስጥ?

የታሪክ አጥኚዎች እንደሚገምቱት በዚህ ማጣሪያ ያለፉት የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን 60 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከእነሱ ሩብ ያህሉ ተቀጥተዋል። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ጨርሶ ከሥራው ተባሯል። ሌላው ያለ ደመወዝ ታግዷል፣ ወይም ከአገሩ ርቆ ወደማያውቀው ክፍለ ሀገር ተልኳል። ይህ ሁሉ የሆነው ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ማንበብና መጻፍ በማይችልበት አገር ነው።

ከእነዚያ መምህራን የአንዱን ታሪክ ልጨምር። አንቶኒ ቤናይጌስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1934 በቡርጎስ ክፍለ ሀገር ወደምትገኝ ባንዩዌሎስ ወደምትባል የድሆች መንደር ተመደበ። በራሱ ገንዘብ ትንሽ ማተሚያ ገዝቶ ልጆቹ የጻፉትን ራሳቸው እንዲያትሙ አደረገ። ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች ባሕር ምን እንደሚመስል እያሰቡ የጻፉትም አንድ ደብተር ታተመ። ወስዶ ሊያሳያቸው ቃል ገባላቸው። ቃሉን ሳይፈጽም በጁላይ 1936 ያዙት፤ ገደሉትም። ዕድሜው 33 ዓመት ነበር። የእሱም ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2023 ፊልም ሆኖ ወጥቷል። ልጆቹ ያተሟቸው ደብተሮች ግን ከፊልም የበለጡ ምስክሮች ናቸው። በየቤቱ ተደብቀው ከቆዩት የተወሰኑት እስከ ዛሬ አሉ።

ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን መናገር ሀቅ ነው። ሪፐብሊኩም በደል አልነበረበትም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው ሕግ የሃይማኖት ማኅበራት እንዳያስተምሩ ከልክሎ ብዙ አማኝ ቤተሰቦችን አስቀይሟል። ጦርነቱ ሲነሣ በእሱ ወገን በነበረው ግዛት ከ6 ሺህ በላይ ቀሳውስትና መነኮሳት ተገድለዋል። እሱም ታማኝ አይደሉም ያላቸውን መምህራን ከሥራ አባሯል። ፊልሙ ይህን ገጽ ሳይነካው ማለፉ ሁለተኛው ጉድለቱ ነው። የአንዱ ወገን በደል ግን የሌላውን አይፍቅም። «ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለም፣ ፍራንኮ ያሰለፋቸው በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የሞሮኮ ሙስሊም ወታደሮች እንደነበሩ ያስታውስ። ዙልም እጅ ሲፈልግ የማንም እጅ ይበቃዋል።

ለአገራችን ሽማግሌዎች ደግሞ ይህ ታሪክ ባዕድ አይሆንባቸውም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን «ማጋለጥ» የሚባል ቃል ነበረ። ሰው ራሱንም ጎረቤቱንም እንዲያጋልጥ በየስብሰባው ይጠየቅ ነበር። መምህራንና ተማሪዎች የዚያ ዘመን ዋና ሰለባዎች ነበሩ። ያን ጊዜ አፉን ከፍቶ ያጋለጠም፣ ፈርቶ ዝም ያለም፣ ዛሬ ብዙው ስለዚያ ነገር ለልጆቹ አይነግርም።

እኔ ይህን ስጽፍ ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት መድረሳ ጥቂት ወላጆች አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ስለ አንድ ባልደረባችን ኡስታዝ «አቋሙ አይታወቅም፤ ልጆቻችንን የማይሆን ነገር ያስተምራል» የሚል ነበር። ከላይ ብዙ ስም ተፈርሟል። እኔም ጠብ እንዳይመጣብኝ ብዬ ፈረምኩ። ኡስታዙን ማንም ጠርቶ አልጠየቀውም። በሳምንቱ ተሰናበተ። ያረማቸውን የደረሶቹን ደብተሮች በሥርዓት ደርድሮ ጠረጴዛው ላይ ትቶልን ሄደ።

ከወራት በኋላ ወረቀቱን ካዘጋጁት አባቶች አንዱን አግኝቼ «ለመሆኑ ምን ሲያስተምር ሰማህ?» አልኩት። «እኔ አልሰማሁም፤ ልጄ ነው የነገረኝ» አለኝ። ልጁ ተማሪዬ ነውና እሱንም ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። «አባባ በየቀኑ ምን አለ፣ ምን አለ ሲለኝ፣ አንድ ቀን የሆነ ነገር አልኩት» አለኝ። ይህን ሰምቼ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ጠዋት ተነሥቼ ኡስታዙን ፈልጌ ሄድኩ፤ ዐውፍ እንዲለኝ ለመንኩት። ዐውፍ አለኝ። ቀጥሎ ግን «ወንድሜ፣ ከፊርማው በፊት አንድ ቀን ሻይ ጠርተህ ብትጠይቀኝ ይበቃኝ ነበር» አለኝ።

እንግዲህ አራተኛው ምስክር ማለት እኔ ነበርኩ። በእኔ ላይ አምባገነን አልነበረም፤ መሣሪያ የያዘ ሰውም ደጃፌ ላይ አልቆመም። የስፔኗ እናት ልጇን እንዲጮህ ያደረገችው ሞትን ፈርታ ነው። እኔ ምን ፈርቼ ነው?

ሃይማኖታችን ስለ ምስክርነት ያስተማረንን እናውቀዋለን። የሰውን ክብር የሚነካ ትልቅ ክስ ሲቀርብ አራት የዓይን ምስክር እንዲቆም መደረጉ የተከሳሹን ክብር ለመጠበቅ ነው። ያለ ማስረጃ የሚናገረው ራሱ ይቀጣል፤ ምስክርነቱም ይጣላል። ስፔን ውስጥ አራት ሰው የተጠራው ሰውን ለመጣል ነበር። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ኒያው እንዴት እንደተራራቀ ተመልከቱ። ወሬ ሲመጣም አጣሩ ተብለናል። አጣርተን እናውቃለን ወይ? ወይስ «ተብሏል» የሚለው ቃል ለእኛም በቂ ማስረጃ ሆኗል?

መምህር ቢያጠፋ አይጠየቅ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ልጅ የሚበድል አስተማሪ መጠየቅ አለበት። ነገር ግን በስሙ ይጠየቅ፣ ፊት ለፊት ይጠየቅ፣ ከሳሹንም ይወቅ፤ መልሱም ይደመጥ። ፊርማ የምናኖር ወላጆችና መምህራንም ያየነውን እንጂ የሰማነውን አንመስክር።

ስፔን ውስጥ የተባረሩት መምህራን መብታቸውን እንዲያገኙ የምሕረት ሕግ የወጣው ፍራንኮ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። 40 ዓመት አልፎ ነበር። በ33 ዓመቱ የተባረረ ሰው 73 ዓመት ሞልቶት ወደ የትኛው ክፍል ይመለሳል? የተነጠቀው ደመወዝ ቢመለስለት እንኳ ያላስተማራቸው ልጆች አይመለሱለትም።

ዛሬ ማታ ልጃችሁ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ «ምን ተማርክ?» በሉት። የተማረውን ሲነግራችሁም አድምጡት፤ የቢራቢሮ ምላስ እንኳ ቢሆን። አላህ ከሐሰት ምስክርነት ይጠብቀን፤ የበደልናቸውንም በሕይወት ሳሉ ዐውፍ የምንጠይቅበትን ወኔ ይስጠን። ወቢላሂ ተውፊቅ።