ይጠበቃል

«ፍሬሽዋተር ቻሌንጅ» የሚባል ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት አለ። ጨዋማ ያልሆነውን ውሃ፣ ማለትም ወንዙን፣ ሐይቁን፣ ረግረጉን ለማዳን የተነሳ ነው። እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ 300,000 ኪሎ ሜትር የተጎዳ ወንዝና 350 ሚሊዮን ሄክታር የተጎዳ ረግረግ መሬት እንዲያገግም ቃል ተገብቶበታል። ወንዙን በአንድ መስመር ብትዘረጉት ምድርን ከሰባት ጊዜ በላይ ይዞራል። ረግረጉ ከሕንድ ይሰፋል። ቃሉ የተገባው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ፣ በተባበሩት መንግሥታት የውሃ ጉባኤ ሲሆን ጀማሪዎቹ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶር፣ ሜክሲኮ፣ ጋቦን፣ ዛምቢያና ዴሞክራቲክ ኮንጎ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ መንግሥታት ገብተውበታል።

ምክንያቱ ቀልድ አይደለም። የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ክትትል የሚደረግባቸው የወንዝና የሐይቅ እንስሳት ብዛት ከ1970 ወዲህ በአማካይ በ83 በመቶ ወርዷል። ከባሕሩም ከጫካውም የከፋ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ፕሮጀክቱ ለምን አስፈለገ?» ብዬ አልነሳም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው።

ይህን የማነበው ሻንቶ ተቀምጬ ነው። ሻንቶ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ከተማ ናት፣ ወላይታ ውስጥ። ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ብትሉ የምታገኙት ወንዝ ብላቴ ነው። (ብላቴ ሲባል ለታላላቆቻችን ቶሎ ትዝ የሚላቸው ወታደራዊ ማሠልጠኛው ነው፤ በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተላኩበት። ወንዝ መሆኑ ሁለተኛ ነው የሚመጣው።) ብላቴ ከጉራጌ ደጋ ይነሳል፣ በሀዲያ በኩል ያልፋል፣ የወላይታን ምሥራቅ ይዞ ይወርድና አባያ ሐይቅ ይገባል። ወደ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ300,000ው ውስጥ ብታስገቡት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

የፕሮጀክቱን ዓይነት ሰነድ ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሞክሬያለሁ፣ ለራሴ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ግሥ ላይ ይወድቃል፦ ይጠበቃል። ወንዙ ይጠበቃል፣ ረግረጉ ይጠበቃል። አማርኛችን ደግሞ ተንኮለኛ ነው። «ይጠበቃል» ማለት አንድም ጠባቂ አለው ማለት ነው፣ አንድም ገና አልመጣም፣ ቁጭ ብለን እየጠበቅነው ነው ማለት ነው። እንግዲህ የሰነዱ ችግር ይሄው ነው። የሚጠበቀው ተጽፏል፣ የሚጠብቀው ሰው ግን ስም የለውም። ማን ነው የሚጠብቀው? በምን ጉልበት? በማን ወጪ?

የብላቴን ጉዳት ወንዙ ላይ ቆማችሁ ብትፈልጉት ግማሹን ነው የምታገኙት። ሌላው ግማሽ እላይ፣ ማሳ ላይ ነው። የወላይታ ገበሬ መሬቱን ለሁለት ይከፍላል። ቤቱን የከበበው ዳርኮዋ ነው፦ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑ ያለበት፣ የከብቱ ፍግና የቤቱ አመድ የሚገባበት፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ። ከዚያ ራቅ ብሎ ያለው ሾቃ ነው፤ በቆሎው፣ ስኳር ድንቹ፣ ጤፉ የሚዘራበት። ዳርኮዋ ላይ የወረደ ዝናብ በእንሰት ቅጠል ተቀብሎ፣ በገለባ ተይዞ፣ ቀስ ብሎ መሬት ይገባል። ሾቃ ላይ የወረደው ደግሞ በተለይ በበልግ መጀመሪያ፣ መሬቱ ታርሶ ባዶውን ሳለ፣ ቀዩን አፈር ይዞ ይሮጣል። ሩጫው መንገድ ሲያገኝ ቦይ ይሆናል። ቦዩ ሲሰፋ ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦሩ አንዴ ከተከፈተ በየክረምቱ ወደ ኋላ እየበላ፣ ማሳውን ጨርሶ ወደ ጓሮ ይመጣል።

ቦረቦር ወንዝ አይደለም። ረግረግም አይደለም። ስለዚህ በኪሎ ሜትር ወንዝና በሄክታር ረግረግ የሚቆጥሩት ሁለቱ ትልልቅ ቁጥሮች ውስጥ ቦታ የለውም። ብላቴን ቡና የሚያስመስለው ግን እሱ ነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ አርባ ምንጭ ከፍ ብላችሁ ቁልቁል እዩ። በእግዜር ድልድይ የተለያዩ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል፦ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አባያ ቀይ ቡናማ ነው። ጎብኚው ፎቶ ያነሳዋል፣ ደስ ይላል። ቀለሙ ግን አፈር ነው፤ ብላቴና ሌሎቹ ገባሮች ያመጡት፣ ውሃው ላይ ተንሳፎ የቀረ ደቃቅ አፈር። ብርሃን አያሳልፍም። ብርሃን ካልገባ አልጌው አይበዛም፣ አልጌው ካልበዛ ቆሮሶው የሚበላው ያንሳል። አባያን ባሕሩ ዳር ብቻ አጥር አጥራችሁ ብትጠብቁት ቀለሙ አይለወጥም።

«ታዲያ ምን ይሁን?» ብትሉኝ እንደ መልስ የማሳያችሁ እዚሁ ዞን ውስጥ ነው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሁምቦ አለ። የሁምቦ ተራራ ለዓመታት ተጨፍጭፎ፣ ለከሰልና ለማገዶ ተቆራርጦ ተራቁቶ ነበር። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወርልድ ቪዥን ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር አስከለለ። የሚገርመው፣ አብዛኛው ቦታ ላይ ችግኝ አልተተከለም። ዘዴው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ኒጀር ውስጥ በ1980ዎቹ ያስፋፋው ነው፦ የተቆረጠው ዛፍ ጉቶና ሥሩ በሕይወት ስላለ፣ ከብት እንዳይበላውና መጥረቢያ እንዳይነካው ከልክላችሁ፣ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጣችሁ ትገርዙታላችሁ። በቃ። ጫካው መሬት ውስጥ ተኝቶ ነበር የሚጠብቀው። (ይሄኛው «የሚጠብቀው» ሁለተኛው ዓይነት ነው።)

ከዘዴው ይልቅ እኔን የሚስበኝ ውሉ ነው። ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ መሬቱን የመጠቀም መብት በስማቸው ተሰጣቸው። ፕሮጀክቱ በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የደን ፕሮጀክቶች አንዱ ነበር። ደኑ በ30 ዓመት ከ880,000 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ ተገመተ። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ከዚያ ውስጥ 165,000 ቶኑን ሊገዛ ተዋዋለ፤ ለማኅበረሰቡ በአሥር ዓመት ከ700,000 ዶላር በላይ የሚያስገኝ ስምምነት።

እስቲ አካፍሉት። ለሰባት ማኅበር፣ ለአሥር ዓመት፦ ለአንድ ማኅበር በዓመት ወደ 10,000 ዶላር። አንድ ማኅበር ደግሞ ብዙ አባወራ ነው። ተራራው ሲከለል ከብቱን ያሰማራበት የነበረው፣ ከሰል አክስሎ ይሸጥ የነበረው ሰው ከእጁ የወጣበትን አስቡት። ብዙ ብር ነው ብሎ መዘመር አይቻልም። ግን ሦስት ነገር አለው፤ ከኒውዮርኩ ቃል ላይ ያጣኋቸው ሦስት ነገሮች። አድራሻ አለው፣ ሁምቦ። ባለቤት አለው፣ ሰባቱ ማኅበራት። ደሞዝ አለው፣ ትንሽም ቢሆን። «ይጠበቃል» ሳይሆን «እነ እገሌ ይጠብቃሉ፣ እነ እገሌ ይከፍላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው።

ጉድለቱም እዚያው ውሉ ላይ አለ። የተሸጠው ካርቦን ነው። ካርቦኑን የሚገዛው ሰው የሁምቦን ምንጭ አይጠጣም፣ የአባያን ዓሣ አይበላም። ተራራው አረንጓዴ ሲለብስ የጎርፉ መርጋት፣ የምንጩ መጎልበት፣ ወደ ሐይቁ የሚወርደው አፈር መቀነስ፣ ይሄ ሁሉ እንደ ምርቃት ነው የታየው። ለውሃው ማንም አልከፈለም። የካርቦን ገበያ ሲወድቅ ደግሞ ምርቃቱም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ለውሃ መክፈል ሕልም እንዳይመስላችሁ። ያ ቃል የተገባባት ከተማ ራሷ የምትኖረው በዚህ ነው። ኒውዮርክ አብዛኛውን ውሃዋን ካትስኪል ከሚባሉት ተራሮችና ከደላዌር ወንዝ ተፋሰስ ታመጣለች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ምርጫ ገጠማት፦ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አውጥታ ማጣሪያ መገንባት ወይም እላይ ላለው ገበሬ መክፈል። በ1997 ተፈራርማ ሁለተኛውን መረጠች። የበረት ፍግ ወንዝ እንዳይገባ፣ የወንዙ ዳር እንዳይታረስ፣ ወጪውን የሚሸፍነው ቧንቧውን የሚከፍተው ሰው ነው። እዚያ ላይ ገበሬው የሚጠብቀው ውሃ እታች ዋጋ አለው። ጉባኤተኞቹ አዳራሹ ውስጥ የጠጡት ውሃ የዚህ ውል ውጤት ነው። ሰነዱ ላይ ግን ይህ ትምህርት ጎልቶ አልወጣም፤ ኪሎ ሜትሩ ነው የወጣው።

እኛ ጋ አሠራሩ ተገልብጦ ነው ያለው። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ የተፋሰስ ዘመቻ ይወጣል። ገበሬው ዶማና አካፋ ይዞ እርከን ይሠራል፣ በነጻ ጉልበት። ሴፍቲኔት ውስጥ ያለው ደግሞ ለእህል ወይም ለብር። ሥራው ዋጋ የለውም አልልም፣ ብዙ ቦታ ተራራ መልሷል። ግን እታች ያለው መስኖ፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ሎጁ፣ አንዳቸውም ለላይኛው ሰው ዕዳ እንዳለባቸው አያውቁም። የላይኛው ሰው መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። አንድ እርከን ከዚያች ላይ ቦታ ይወስዳል፤ የበቆሎ መስመር ይቀንሳል። የብላቴ ውሃ እንዲጠራ ዋጋ እየከፈለ ያለው እሱ ነው፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት።

ለፕሮጀክቱ ፍትሐዊ ለመሆን፦ ካርቦን በቶን ይለካል፣ የቀረ ጎርፍ ግን እንዴት ይለካል? ይህ እውነተኛ ችግር ነው። መንግሥታትን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ትልቅ ቁጥርም ጥቅም አለው፤ ወንዝ ለረጅም ጊዜ በጫካና በባሕር መሐል ተረስቶ ነበር። ያም ሆኖ በቁጥር ደረጃ የሚያበቃ ፕሮጀክት በ2030 ሪፖርት ያወጣል እንጂ የብላቴን ቀለም አይነካም።

ደግሞ መለካት አይቻልም የሚለውን ያህል ከባድ አይደለም። በሐምሌ፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ ብላቴ ድልድይ ላይ ውረዱ። ሞልታችሁ አምጡና መስኮት ላይ አሳድሩት። ጠዋት ታች የዘቀጠው አፈር ስንት ጣት እንደሆነ በማርከር አስምሩበት፣ ቀኑን ጻፉ። ከሻንቶ እስከ ሁምቦ ብዙ ትምህርት ቤት አለ፤ የሳይንስ መምህሩ ክፍሉን ይዞ ሊያደርገው ይችላል። በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ድልድይ። መስመሩ ዝቅ ካለ እላይ ያለው ገበሬ ምን ያህል አፈር እንዳስቀረ የሚያሳይ ወረቀት ተገኘ ማለት ነው፤ ያኔ ሒሳቡን ይዞ የሚሄድበትን ቢሮ መፈለግ ይቻላል።