ዓይንን የዘነጋው ድርሳን

የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ስለ ተንቀጥቃጩ ሽባነት የጻፈውን አጭር ድርሳን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1817 ነበር። ስድስት ሕሙማንን ብቻ ይዞ፣ ያውም ጥቂቶቹን መንገድ ላይ አግኝቶ እንጂ በወጉ መርምሮ ሳይሆን፣ የእጅን መንቀጥቀጥ፣ የወገብን መጉበጥና ሳይፈልጉ ወደ ፊት የሚያስሮጠውን አካሄድ አጥርቶ መግለጹ ዛሬም ያስደንቃል።

ይሁንና የስሜት ሕዋሳትና አእምሮ በዚህ ሕመም አይነኩም ሲል የደነገገው አልጸናም። ስለ አእምሮው ከሻርኮ ወዲህ ብዙ ተብሏል። ስለ ዓይን ግን ስሕተቱ በተመላላሽ ክፍሎቻችን ውስጥ እስከ ዛሬ አለ፤ እጅና እግር እናያለን፣ ስለ ዓይን አንጠይቅም። ፓርኪንሰንስ ምክንያት አለው፤ የዓይን ውስጥ መመልከቻው መሣሪያ በሄልምሆልትዝ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው።

ዶፓሚን የሚያመነጩ ሕዋሳት በሬቲናም ውስጥ ይገኛሉ። ስለሆነም በሽተኛው የሰንጠረዡን ፊደላት በትክክል እያነበበ፣ በደብዛዛ ብርሃን የደረጃውን ጠርዝ ለመለየት ሊቸገር ይችላል። የዓይን ቆብ መርገብገብ ሲቀንስ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል። ሁለቱ ዓይኖች ለቅርብ ንባብ መገጣጠም ሲሳናቸው ደግሞ ፊደሉ ሁለት ሆኖ ይታያል። አንድ አረጋዊ ዳዊት መድገም ተስኗቸው መነጽር ሦስት ጊዜ ለውጠው ነበር። አንድ ዓይናቸውን በመዳፌ ብሸፍነው ፊደሉ አንድ ሆነላቸው። ምርመራው ይኸው ነበር፤ እኔም በቀደሙት ሁለት ቀጠሮዎች አልጠየቅኋቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ስቲል፣ ሪቻርድሰንና ኦልሼቭስኪ ፓርኪንሰንን የሚመስል ሌላ ሕመም ሲገልጹ፣ መለያው ዓይን ወደ ላይና በተለይም ወደ ታች መንቀሳቀስ መሳኑ ነበር። እንዲህ ያለው በሽተኛ ከፊቱ ያለውን ገበታ ማየት ይሳነዋል፤ ገና ከጅምሩ ይወድቃል። ጣታችንን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰን ካላስከተልነው፣ ብዙም የማይረዳውን ሌቮዶፓ መጠኑን እየጨመርን እንቀጥላለን።

ጉዳቱ ከእኛም እጅ ሊመጣ ይችላል። ለመንቀጥቀጥ የምናዝዘው ትራይሄክሲፌኒዲል ብሌንን ያሰፋል፣ የቅርብ እይታን ያደበዝዛል፣ የደረቀውን ዓይን ያብሳል፤ የዓይኑ ማዕዘን ጠባብ በሆነ ሰው ላይ ደግሞ ድንገተኛ ግላኮማ ሊያስነሣ ይችላል። በአረጋዊ ሕመምተኛ ካርድ ላይ ይህ መድኃኒት ሲጻፍ፣ ስለ ዓይኑ አንዲት መስመር እንኳ አብራ ተጽፋ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።