ቅጽሉን የጣለው ገበያ

አዲስ አበባን በካርታ ብቻ ለሚያውቃት ሰው «ካዛንቺስ» ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው። ስሙ ግን እንደ መዝገብ የታመነ ነው፦ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ተቋም በምሕጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዛ» ማለትም ቤት ሲቀድመው ሰፈሩ ስሙን አገኘ። መርካቶም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ወራሪው ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ፣ አለው፤ ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀሉ። ሕዝቡ ገበያውን ያዘ፣ ቅጽሉን ጣለ። ከዚህ የተሻለ የከተማ ፍርድ አላውቅም።

የወራሪ ስም ለምን ይቆያል የሚል ቅሬታ ይነሣል፤ ክብደትም አለው። ይሁን እንጂ ስሙ ቢፋቅ የሚጠፋው ከተማይቱ በቀለም ተከፍላ እንደነበር የሚናገረው ምስክር ነው። ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ የሰፈር ስም ታሪክ ብዙ ጊዜ ከስሙ በኋላ የተፈጠረ ወሬ ነው ይባላል። እውነት አለው፤ ስለ እሪ በከንቱ ሰፈር ስም የሚተረከውን ሁሉ የሚያምን የዋህ ነው። ስለዚህ ስም የሚታመነው ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲገጥም ነው። ለምሳሌ ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር ስም የሚያያዘው ከሐዲድ ጋር አይደለም፤ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ካስመጣው፣ በእንፋሎት ከሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ጋር ነው። መዳመጫው የመጣው ደግሞ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ነው።